ሐምዛ በረኛ የሆነበት ዓመት

ሐምዛ ሐረር ውስጥ ባጃጅ ከሚጠግኑት ሁሉ እጁም ምላሱም የፈጠነ ሰው ነበር። ቤቱ ጀጎል ውስጥ፣ ኤረር በር አካባቢ ነው፤ የሚሠራው ደግሞ ከግንቡ ውጪ አቦከር። ሳምንቱን በዘይት ተለውሶ ይከርምና እሑድ ሲመጣ ሌላ ሰው ይሆናል። ሱብሒ ሰግዶ፣ ታኬታውን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ከከተማው ዳር ወዳለው አቧራማ ሜዳ ይወርዳል። እዚያ ሃያ አምስት የሚሆኑ ጎልማሶች በጤና ቡድን ስም ተሰብስበው፣ ለሁለት ተከፍለው ኳስ ይጫወታሉ። ሐምዛ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቦታው ተከላካይ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በእሱ በኩል በቀላሉ ያለፈ አጥቂ የለም ይሉለታል።

በግራ ተረከዙ ሥር የወጣውን ጥቁር ነጥብ ያየችው ባለቤቱ ናፊያ ናት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ታኬታው ነው። ደም ቋጥሮ ነው፣ ይጠፋል።"

ነጥቡ ሽምብራ አከለ፤ ከዚያ ጠርዙ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተዘረጋ። አንድ ቀን ሥራ ቦታው ላይ ሆኖ በምላጭ ፋቀው። ደሙ አልቆም ሲል በጨርቅ አሠረና መፍቻውን አነሣ። ቁስሉ ከዚያ ወዲያ አልደረቀም። እሱ ግን አምስት ወር እያነከሰ ተጫወተ። ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶ እንቅልፍ ሲነሣው ነው ናፊያ እየጎተተች ሆስፒታል የወሰደችው።

ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ውጤት በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ወረቀቱን ትታ እሱን እያየች ነገረችው።

"ሜላኖማ ይባላል፤ የቆዳ ካንሰር ነው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር ላይ ይወጣል። ሰው እሾህ ወይም ጫማ የጎዳው እየመሰለው ይዘገያል።"

ሐምዛን ከፍርሃቱ በፊት የያዘው እፍረት ነው። "በምላጭ ፍቄዋለሁ፣ ዶክተር። እሱ ነው ያመጣው?"

"ምላጩ አላመጣውም። መዘግየትዎ ግን..." አለችና ወረቀቱን አጠፈችው። ቆይታ ደግሞ፣ "ሌላ አገር የሚሰጠው አዲሱ መድኃኒት እኛ ጋ የለም። ያለንን እንሰጥዎታለን" አለችው።

የተረከዙ ቁስል ተቆርጦ ወጣ፤ በቦታው ከጭኑ የተገፈፈ ቆዳ ተለጠፈ። ንፍፊቱን ለማውጣት ብሽሽቱም ተከፈተ። ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ ጀመረ። ኬሞውን በወሰደ ቁጥር ሦስት ቀን ያስመልሰዋል፤ ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ይለዋል። ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረው የቤንዚን ሽታ እንኳ ሆዱን ያገላብጠው ጀመር። እግሩ አብጦ ሱሪ አልገባ ሲለው ናፊያ የግራውን እስከ ጉልበቱ ተረተረችለት። ጠያቂዎች ይመጣሉ፤ "አላህ ያሽርህ" ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እርስ በርሳቸው ያወራሉ። ያ ሁሉ ምላስ የነበረው ሰው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዝም አለ።

ከአራተኛው ኬሞ በኋላ ሐኪሟን ጠየቃት።

"ኳስ ልጫወት?"

"ሩጫ አይሆንም። ቁስሉ ከተከፈተ ሕክምናው ይስተጓጎላል።"

"በረኛስ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። መውደቅ ግን የለም።"

"የማይወድቅ በረኛ ምኑን በረኛ ሆነ?"

አብራው የመጣችው ናፊያ አልሳቀችም። "ሽንት ቤት ለመሄድ ግድግዳ የምትይዝ ሰው!" አለችው።

"አቦ ናፊያ፣ ቤት ውስጥማ በሽተኛ ብቻ ነኝ" አላት።

እሑድ ጠዋት የሠላሳ ዓመት ጓደኛው ኪዳነወልድ፣ የታሪክ አስተማሪውና የቡድኑ አጥቂ፣ በባጃጅ መጥቶ ወሰደው። ሜዳው አጨበጨበለት። ሐምዛ ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆመ። ሩብ ሰዓት ሙሉ የመጣው ኳስ ሁሉ እየተንከባለለ ደረቱ ሥር ገባ። ሾፌሩ አደም ብቻውን ፊቱ ደርሶ፣ ለሕፃን እንደሚሰጥ ሁሉ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገለት። ሐምዛ ኳሷን አቀፈና አልለቅም አለ።

"አደም! ለቀብሬ ነው እንዴ የመጣኸው? ሐዘኔታችሁን ቤቴ ስትመጡ ተቀብያለሁ። እዚህ ምቱ! ካልሆነ ወላሂ እወጣለሁ።"

ጨዋታው ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ኪዳነወልድ ኳሷን አገኘ፤ ቀና ብሎ አየውና ባለ በሌለ ኃይሉ መታት። ሐምዛ በግራ፣ በታመመው በኩል ተወረወረ። ኳሷ የጣቱን ጫፍ ነክታ ገባች። አፉ አቧራ ሞልቶ ተዘረረ።

ኪዳነወልድ ደንግጦ ሮጠ። "ጎዳሁህ?"

"አገባህ አይደል? ምን ትንጫጫለህ፣ ቦታህ ግባ!" አለና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

ቤት ሲገባ ፋሻው በደም ርሶ ነበር። የተለጠፈው ቆዳ ጠርዙ ተከፍቶ ኬሞው ሁለት ሳምንት ተራዘመ። ሐኪሟ ተቆጣች፤ ናፊያ ሦስት ቀን አላናገረችውም። እሱም ጥፋቱን አመነ፤ ተጸጸትኩ ግን አላለም።

ስድስተኛው ኬሞ ሲያልቅ ሲቲ ስካን ተነሣ። በሽታው በሁለቱም ሳንባዎቹ ገብቷል።

"ያን ቀን በመውደቄ ነው?"

"በፍጹም። ይሄ ቀድሞ የጀመረ ነው። መድኃኒቱ አልያዘልንም።"

"ስንት ጊዜ አለኝ?"

"ወራት" አለች። ናፊያ በሻሿ ጫፍ ደረቅ እጇን ደጋግማ ትጠርግ ነበር።

ሐምዛ ለኪዳነወልድ ነገረው፤ ለቡድኑ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ አራት እሑድ ሜዳ ወረደ። በየሳምንቱ የሚቆምበት ጊዜ እያጠረ ሄደ። በአራተኛው እሑድ፣ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ሳል ወገቡን አጠፈው። ራሱ እጁን አወጣ፤ ጓንቱን አውልቆ ለአደም ሰጠና ኮቱን ደርቦ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኪዳነወልድ ጨዋታውን ጥሎ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ተነሥ እንጂ። ቡድኑን አጎደልከው" አለው ሐምዛ።

"ይጉደል።"

"ኪዳነ፣ እኔ ስትሮጥ ነው ላይህ የምፈልገው።"

ኪዳነወልድ ፊቱን በመለያው ጠርጎ ገባ። ከሶፊ ገጠር በኩል የመጣው ነፋስ አቧራውን አስነሣ። የእሱ ወገን ተከላካዮች ግራ በኩሉን ክፍት ትተው ወጥተዋል፤ ሐምዛ ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለ።

"ግራ! ግራውን ዝጉ!" ብሎ ጮኸ። ሊደግመው ሲል ሳሉ ቀደመው።