እሺታ የበዛባት ልጅ

ልብስ ሰፊው የሰው ልክ የሚወስደው በዓይኑ ነው። ደንበኛ ገና ከመንገዱ ማዶ ብቅ ሲል የወገቡን ስፋት፣ አልፎ ተርፎም ምሳ መብላት አለመብላቱን ያውቃል ይባላል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን ግን ከየት ጀምሮ እንደሚለካት ጠፋበት።

ልጅቱ አልባለገችም፤ "እሺ" ብቻ ነው የምትለው። ብይ ሲሏት እሺ፤ አትበላም። ጓደኞችሽ ጋ ሂጂ ሲሏት እሺ፤ ከአልጋዋ አትነሳም። ጎረቤቱ "እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ!" እያለ ይቀናበታል። እሱ ግን እየከሳች ስትሄድ ቀሚሷን ቢያጠብብ ቢያጠብብ ሊደርስባት አልቻለም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍለጋ ተነሣ። የመጀመሪያውን የመረጠው በኮቱ ነው፤ ትከሻው ላይ አንዲት ሽብሽብ አልነበረችም። ሰውዬው ምክሩን እንደ ጎርፍ ለቀቀው።

"ገባሽ የኔ ልጅ?"

"እሺ።"

"በቃ፣ ድናለች!" ብሎ ሸኛቸው።

ሁለተኛው ደግሞ ለመጀመሪያው ምክር ሊያስተምር የሚችል ተናጋሪ ነበር። "እንዲህ የምትሰማ ልጅ አይቼ አላውቅም" ብሎ መረቃት።

ሦስተኛዋ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። ልብስ ሰፊው ስፌቱን ውጭ ሲያየው በልቡ "ጉድ ፈላ!" አለ።

"እዚህ መምጣት ፈልገሻል?" አለቻት ልጅቱን።

"እሷማ በጣም..."

"ጋሼ፣ እሷን ነው የጠየቅኩት።"

"እሺ" አለች ልጅቱ።

"እሺማ መልስ አይደለም" ብላ ሴትዮዋ ዝም አለች።

"ዝም ለማለትማ እቤታችን ማን ከለከለን?" አለ ልብስ ሰፊው።

"እስቲ ጋሼ፣ ውጭ ይጠብቁን።"

ወጥቶ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ብዙ ቆይቶ የልጁ ድምፅ መጣ፦ "እምቢ! አልፈልግም አልኩ!"

እጁ እጀታው ላይ አረፈ። በእሱ ቤት ለታላቅ ሰው እምቢ አይባልም፤ ገና ከምትድህበት ጊዜ ጀምሮ ያስተማራት ራሱ ነው። ገብቶ ይቆጣ? ደስ ይበለው? ከውስጥ ልቅሶዋ ተሰማው። እጀታውን እንደያዘ ቀረ።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። መንገድ ላይ ያ የተገለበጠ ሹራብ ትዝ አለው።

"እናቴ፣ ሌላ ደህና ሰው ብንፈልግልሽስ?"

"እምቢ።"

ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ጠቀለለ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ።

"እሺ" አለ።