ለፋሲካ የተቀመጠ አይብ

እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ አፏን የዘጋችበትን ሁዳዴ እግዜር ለጠላቴም አይስጠው። ሐኪሙ «ጾሙ ይቅርብዎ» ቢሏት፣ የንስሐ አባቷም ቢፈቅዱላት፣ አሻፈረኝ አለች። በጾሙ ምግብ እንኳ ሽሮውን ነክታ ትተወዋለች፣ አጃውን ትገፋዋለች። አንድ ቀን ግን ከራሷ አፍ «ለፋሲካ የወንጪ አይብ ካገኘሁ በእሱ እፈታለሁ» የሚል ወጣ። ያደገችው ወንጪ ነው። ከዚያ ወዲያ ተስፋዬ ሁሉ እዚያ አይብ ላይ ተንጠለጠለ።

የአክስቴ ልጅ ሐሙስ ዕለት በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አምቦ ድረስ አመጣችልኝ። አጓቱን በንጹሕ ሻሽ ጨምቄ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። የዚያኑ ዕለት መብራት ሄደ! አርብም አልመጣ። ፍሪጁን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። አይቡን አውጥቼ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ፣ ውሃውን ስቀያይር ዋልኩ። የስቅለትን ስግደት እንኳ በአንድ ዓይኔ እሱን እያየሁ ነው የሰገድኩት፤ ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ ስገልጠው ጠርዙ ቢጫ ብሏል። ቅቤ ቀርቶበት ይሆን? ስነካው ሙልጭልጭ አለኝ። አጓት ይሆን? ባሸተው፣ የኮባው ሽታ ሁሉን ሸፍኖታል። አይብ መቼም ይጎመዝዛል፣ በዚያ አይታማም፤ ከመረረ ግን ለደካማ ሆድ መርዝ ነው። ይህን የሚለየው ምላስ ነው፤ የኔ ምላስ ደግሞ ጾመኛ!

ግድግዳ ወደምትጋራን ሙስሊም ባለሱቅ ሮጥኩ። «በናትሽ ቅመሺልኝ!»

«ወይ አንቺ፣ እኔስ ጾም ላይ አይደለሁ?» ብላ ሳቀች። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር፤ ከጭንቀቴ ብዛት ረስቼዋለሁ። ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ መጣብኝ። እንባዬን ስታይ «በቃ አይዞሽ፣ ላፍጥርና እመጣለሁ» አለችኝ።

አዛን እንዳለ በተምር አፍጥራ መጣች። በማንኪያ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ አደረገች። እኔ ፊቷን ነበር የማየው። ወደ ደጅ ሮጣ ተፋችው።

«ወላሂ መሯል። እንዳትሰጫት፣ እህቴ።»

በዚያ ሰዓት ሌላ አይብ ከየት ይመጣል? አይቡን ደፍቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀልኝ፣ በቃ።

ሲነጋ እናቴ ትራሷን ተደግፋ ጠበቀችኝ። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ቀና ብላ አይቻት አላውቅም። ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን አቀረብኩላት። በዓይኗ ትሪውን ፈተሸች።

«አይቡስ?»

«ተበላሸ፣ እማዬ።» መዋሸት አቃተኝ።

«ዺሲ፣ ተይው» አለችኝ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፤ የዘረጋሁላትን ጉርሻ በቀስታ ገፋ አድርጋ። ከዚያ በዓል ሲሆን ሰው ሁሉ እንደሚለው «ለከርሞ ያድርሰን» አለች።

«አሜን» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

አላደረሳትም።