ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ

ቤይሩት ስገባ ያስደነቀኝ ባሕሩ አይደለም፤ ባሕርማ ውኃ ነው። ያስደነቀኝ መድኃኒት ቤቱ ነው። ለራስ ምታት ለብቻ፣ ለወገብ ለብቻ፣ ለወር አበባ ለብቻ፣ ልጆች እንዳያለቅሱ በእንጆሪ የጣፈጠ ሽሮፕ ለብቻ፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ማስታገሻ ነው። እንዲህ ተመችቶት የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ሕመም ከየት አመጣው ብዬ ተገረምሁ። እኛ ዘንድ ሕመሙ ብዙ ነው፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ነው።

በእኔ ልጅነት፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን ማለቴ ነው፣ ሰቆጣ ላይ መድኃኒት ቤት ገብቶ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለመድኃኒቱ "ምንህን ነው?" ይላል። ራሴን ካልኸው ነጯን ኪኒን ይሰጥሃል። ጉልበቴን ካልኸው ነጯን። ጥርሴን ካልኸው እሷኑ ነጯን ሰጥቶ "እግዚአብሔር ይማርህ" ይጨምርልሃል። ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ሲማስን የመጣ ገበሬ ደግሞ ኪኒን ሲያይ ቱግ ይላል፤ መርፌ ያልወጋው ሕክምና ለእሱ ሕክምና አይደለም። "ለዚህች ጠጠር ነው ይህን አገር ያቋረጥሁት?" ብሎ የጮኸ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ያችን ነጭ ኪኒን እኔም ንቄያት ነው ያደግሁ።

ቤይሩት የሄድሁት እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ለቤት ሠራተኝነት ነው። የምሠራላት ሴት ማዳም ነበረች፤ ስም አያስፈልግም፣ ሁላችንም አሠሪዎቻችንን ማዳም ነው የምንላቸው። ማዳም ራሷን ያመማት ቀን መጋረጃ ይዘጋል፣ ስልክ ይነቀላል፣ ልጆቹ በጣታቸው ይራመዳሉ። ቤቱ ሁሉ ራሱን እንዳመመው ይውላል። የእኔ ወገብ ግን ማንንም አያስቸግርም ነበር። ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ነው፤ ማዳም ደግሞ ምንጣፉ ሁሉ በየሳምንቱ ተጠቅልሎ፣ ሰገነት ወጥቶ ካልተደበደበላት እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ ቀን ከባዱን ላነሳ ጎንበስ እንዳልሁ እዚያው ቀረሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ" አልሁ።

እሰይ! ወዲያው አመነችኝ። ሌላ ጊዜ ስኳር ጨርሻለሁ ስላት እንኳ ሄዳ ዕቃውን ከፍታ የምታይ ሴት፣ ያን ዕለት ያለ ምስክር አመነችኝ። "እናንተ ሐበሾች እኮ ብርቱዎች ናችሁ" ብላ አንዲት ኪኒን ከሁለት ሰብራ ግማሿን ሰጠችኝ። ግማሿን ለምን እንዳስቀረች እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ያመመኝ እንደሆነ ሙሉ ወገብ ነው።

ለራሴ መምረጥ የጀመርሁት ለማዳም መድኃኒት ልገዛ በተላክሁበት ቀን ነው። ባለመድኃኒቱ ሸምገል ያለ መነጽራም ሰው ነበር። "እንዴት ነሽ?" አለኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አልሁ። የማዳምን ሰጠኝና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። እንግዲህ ፍረዱኝ! እኛ አገር ሰው መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፣ ይመስገን ይላል፣ የጠያቂውንም ደህንነት ይጠይቃል፤ "ብቻ ይቺ ወገቤ…" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ግን ደህና ነኝ ካልህ ደህና ነህ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚል ተረት ያወጣነው እኛው ራሳችን መሆናችን ነው የሚያስቀኝ።

አፍሬም ቢሆን አልወጣሁም። ወገቤን በእጄ መታ መታ አድርጌ አሳየሁት። እሱም አዘነልኝ መሰል ሦስት ዓይነት ካርቶን ደረደረልኝና "ይህ ለቀላል ነው፣ ይህ ለመካከለኛ፣ ይህ ኃይለኛ ነው" አለ። ቀላልማ ሰቆጣስ መች ጠፋ? ካርቶኑ ላይ ጀርባው በቀይ እሳት የሚንቀለቀል ሰው የተሣለበትን፣ ኃይለኛውን አነሳሁ። ሥዕሉ ቁርጥ የእኔው ወገብ ነበር። "ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሠራ። በሁለተኛው ቀን ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ቀጥ ብዬ እንደቆምሁም የታየችኝ እናቴ ናት። እናቴ ሰቆጣ ዙሪያ ገጠር ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መንገድ ላይ ካለው ድንጋይ ሁሉ ጋር ተዋውቃለች፤ ያላረፈችበት የለም። ታዲያ ልጇ በመድኃኒት ከተማ ተቀምጣ እናቷ በነጭ ኪኒን ትቅር? ደሞዜን ስቀበል ያንኑ ኃይለኛውን ገዛሁና ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ አገር በምትመለስ አንዲት የሰቆጣ ጎረቤት የዝቋላ ልጅ እጅ ላክሁላት። "በይ እንዳትረሺ፣ ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ በያት" አልኋት። ልጅቷም አልረሳችም፤ ምነው በረሳችው!

ከጊዜ በኋላ ደግሜ ልልክላት ያው መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ሽማግሌው በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝና "ይህ ሁሉ ለአንቺ ነው?" አለ።

"ለእናቴ ነው።"

"ጨጓራ አለባት?"

ሳቅሁ። በርበሬ የሚበላ፣ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አገር ላይ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? ይህንኑ በተሰባበረ ዓረብኛ ነገርሁት። እሱ ግን አልሳቀም። ካርቶኑን ከእጄ ወሰደና ይህ ጨጓራ ላለበት ሰው፣ ያውም በባዶ ሆድ፣ ጨጓራን ያደማል፤ ሰው ሊሞትበት ይችላል አለኝ። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እንደሆነ ጠይቂያት፤ ከጠቆረ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሂድ አለ። ለእሷ የሚሆናት ይህ ነው ብሎም ሌላ ካርቶን ከፍቶ አሳየኝ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ነጯ ኪኒን! የሰቆጣዋ፣ ያች የናቅኋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ቀን ቆጠርሁ። ሁዳዴ ከገባ ሰንብቶ ነበር።

እናቴ ዘንድ መደወል ማለት ሌላ ጣጣ ነው። ያን ጊዜ ገጠሩ ስልክ የለውም። ሰቆጣ ቴሌ ይደወላል፣ የቴሌዋ ሴት ወደዚያ ሰፈር ለሚመለስ ገበያተኛ ትነግራለች፣ እናቴ በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጥታ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። እኔንም ማዳም የምታስወጣኝ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ቀኑ ከሰቆጣ ገበያ ጋር መግጠሙ ብቻ ነበር ዕድሌ። የመድኃኒቱን ነገር ለገበያተኛ ልኬ እንዳልተወው ደግሞ አገሬን አውቃታለሁ፤ ቤቷ እስኪደርስ "ልጅሽ መርዝ ልካልሻለች" ይሆናል። ቀጠሮ አስያዝሁና ሳምንቱን እንደ ምጥ ጠበቅሁት።

ቀኑ ደረሰ፤ ካርዴን ይዤ ደወልሁ። እናቴ ስልኩን አነሳች። እሷም በኽምጠኛ ጀመረችልኝ፤ የቤታችን ቋንቋ እሱ ነው።

"ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺ እንዴት ሰነበትሽ?"

"ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነሽ ወይ?"

"ደህና ነኝ። ጉልበትሽስ?"

"ደህና ነው። ማዳምሽስ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። እማዬ፣ አንድ ነገር…"

"ባሏስ? ልጆቿስ? ከብቶቻቸውስ?"

ሰባተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ከብቶቻቸው ደህና መሆናቸውን አረጋገጥሁ። እሷም የእኛዋን ላም፣ የፍየሎቹን፣ የጎረቤቶቹን፣ የቄሱን፣ ባለፈው የወለደችውን የአክስቴን ልጅ ደህንነት በየተራ ነገረችኝ። እናት ናት፣ ሰላምታዋን ቆርጬ ልሂድ? እኛ ዘንድ እኮ ሰላምታ የሚዘለው ቤት ሲቃጠል ነው። "ይመስገን፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እና እማዬ…" ስል ካርዱ አለቀ። ያገር ፍየል ደህና ነው፤ መድኃኒቱን ተዪ የሚለው ቃል ግን አልወጣም። ሌላ ካርድ መግዣ በእጄ አልነበረም። ስልኩን እንደያዝሁ እንባዬ መጣ፤ በራሴም፣ በእሷም፣ ይህን ሰላምታ በሠሩት አባቶቻችንም ተናደድሁ።

የቀጣዩ ሳምንት ምንጣፍ ሁሉ የእኔን ዱላ ያስታውሳል። በመታሁት ቁጥር እናቴ ትታየኛለች። እናቴ ደግሞ የታዘዘችውን የማታጓድል ሴት ናት፤ ጸሎት ቢሆን፣ ጾም ቢሆን፣ መድኃኒት ቢሆን። ትተወው ይሆናል ብዬ ራሴን እንዳልሸነግል እንኳ አውቃታለሁ። ስልኩ ስለተቆረጠ በሚቀጥለው ገበያም መጥታ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ፤ በዚህኛውስ ሰላምታ ብሎ ነገር የለም አልሁ።

ቀኑ ደረሰ። "ሀሎ፣ ልጄ፣ እንዴት ሰነበ…"

"እማዬ፣ መድኃኒቱን አትዋጪ!"

 "ማን ሞተ?" የሚል ጩኸት ጆሮዬን በሳው።

"ማንም አልሞተም!"

"አትደብቂኝ! ሳትሰላመችኝማ የመርዶ ነው! ማን ነው? አንቺ ነሽ?"

"እኔማ እያናገርሁሽ ነው!"

ማን ሊሰማኝ። ቴሌ ቤት ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ "ወይኔ፣ ወይኔ" ሲል ይሰማኛል፤ ማን እንደሞተ ሳያውቅ ለቅሶ የሚያግዝ ደግ ሕዝብ ነው ያለን። በሕይወት ቆሜ የራሴን ለቅሶ በካርዴ ሰማሁ። በመጨረሻ የቴሌዋ ሴት ተቀብላኝ፣ አለመሞቴን አረጋግጣ፣ ስልኩን መለሰችላት።

"መድኃኒቱን እንዴት ነው የወሰድሽው?" አልኋት ቶሎ ብዬ።

"እንደላክሽብኝ ነዋ። ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ብለሽ የለ? በጾም የምቀምሰው አንዴ ነው። የቀሩትን የት ልድፋቸው? ሦስቱንም አንድ ላይ እውጣለሁ።"

 "ሆድሽስ?"

"ደህና ነው። ትንሽ ያቃጥለኛል፣ ያው ጾሙ ነው።"

"እማዬ፣ ሰገራሽ ጠቁሯል?"

"ምን ያለችው ባለጌ ናት!" አለች። "ሰው በተሰበሰበበት! በሁዳዴ!"

"እማዬ፣ በሞቴ!"

 ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ከሰሞኑ ጠቁሯል" አለች። "ብቻ ደህና ነኝ።"

በሞቴም በሕይወቴም ለመንኋት። ኪኒኑን ጣይው፣ ወደ ቤት እንዳትመለሺ፣ ሆስፒታሉ እዚያው ነው፣ አሁኑኑ ሂጂ፣ የነገርሽኝን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪ፣ ደህና ነኝ እንዳትይ፣ በፈጠረሽ ደህና ነኝ እንዳትይ! እሺ አለች። የቴሌዋንም ሴት አደራ አልኋት። ካርዱ ሊያልቅ ሲል የሚሰማው ጢጥታ ጀመረ።

"ልጄ" አለች እናቴ ረጋ ብላ። "ይህን የሕመም መድኃኒት ሁሉ እንዲህ ለይተሽ ያወቅሽው፣ ምንሽን አሞሽ ነው?"

"ኧረ ምንም! ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ደህናማ እኔም ነኝ" አለች። ካርዱ አለቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት የቴሌዋ ሴት ነገረችኝ። እናቴን እጇን ይዛ ሆስፒታል አድርሳታለች። ጨጓራዋ ደምቶ ነበር፤ ትንሽ ብትዘገይ አትተርፍም ብለው አስተኟት፣ ተረፈች። ስትወጣ ለጉልበቷ የሰጧት ያችኑ ነጯን ነው አሉ።

ካርዱ ለሁለተኛ ጊዜ ባለቀብኝ ዕለት ግን ይህን የማውቀው ነገር አልነበረም። ፊቴን ታጥቤ ወደ ቤት ተመለስሁ። ማዳም ትልቁን ምንጣፍ ራሷ ጠቅልላ፣ ደግነቷ ነው፣ በር ላይ አስቀምጣልኛለች። ጫፉን ይዤ ብድግ ሳደርገው እንደ ልማዷ መልስ ሳትጠብቅ "እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ?" ብላኝ ልታልፍ ስትል፣ "አይ ማዳም፣ ደህና አይደለሁም፤ ወገቤን አሞኛል" አልኋት። የፈለገችውን ታድርገኝ ብዬ ምንጣፉን መሬት ላይ አስቀመጥሁት።