በስፌቱ ላይ መቁረጥ

መሐል ሜዳ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ትልቅ ፎቶ ከፍተው «ይሄን ስምንት ቦታ ቁረጠው» አሉኝ። ለድረ ገጽ ነበር። በእኛ አገር ኔትወርክ ትልቅ ምስል እንዳለ ከተጫነ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ተቆራርጦ ሲገባ ግን አንድ በአንድ እየመጣ ቦታ ቦታውን ይይዛል። መስመር ማስመር፣ መቁረጥ፣ ለየቁራጩ ቁጥር መስጠት፣ ገጹ ላይ መልሶ መግጠም፤ ሥራው ይኸው ነው።

ሦስት ዓመት ከእኔ ሌላ ቆራጭ አልነበረም። ደንበኛ ሲመጣ ጋሽ ታደሰ «ደረጀን ጠይቁት» ይሉ ነበር። ይህችን ቃል እወዳት ነበር።

ከዚያ ብርቱካን ከዘመሮ መጥታ ተቀጠረች። ዝምተኛ ናት። ዝምታዋም አላማረኝም።

አባባ ወልዴ የሚባሉ ሸማኔ ዝተታቸውን በድረ ገጽ ለማሳየት መጡ። ዝተት የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ ከበግ ጠጉር በጠባብ በጠባቡ ተሸምኖ ጎን ለጎን ይሰፋል፤ የጓሳን ደጋ ብርድ የሚችል እሱ ነው። ፎቶ አነሳሁና እንደ ልማዴ ስምንት ቦታ እኩል እኩል ቆረጥኩት። በስልካቸው ሲያዩት በቁራጮቹ መካከል ቀጫጭን ነጭ መስመር ታየ።

«ልጄ፣ ይሄማ ተቀዷል። የተቀደደ ዝተት ማን ይገዛኛል?»

«የስልክዎ ችግር ነው» አልኳቸው። አልነበረም።

ብርቱካን ጠጋ ብላ «አባባ፣ ስፌቱ የት የት ጋ ነው?» አለቻቸው። በጣታቸው አሳዩአት። ስፌቱ በነጭ ክር ነበር። «እዚህ እዚህ ላይ ብንቆርጠው ክፍተቱ ስፌት ይመስላል» አለች።

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞረው «በቃ፣ ይሄን ሥራ ለእሷ ስጣት» አሉ።

ቀናሁ። በማግስቱ ለምሳ ስትወጣ ጠብቄ ያልተቆረጠውን ሙሉውን ፎቶ አጠፋሁት።

«ዋናው ፎቶ የታለ?» አለችኝ ስትመለስ።

«እኔ ምን አውቄ!»

ወደ አባባ ወልዴ ደወለች። ዝተቱ ገበያ ወጥቶ ተሸጧል፤ ዳግም የሚነሳ ነገር የለም። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር።

ከዚያ እኔ የቆረጥኳቸውን ስምንቱን ቁራጮች ከፈተች። ቁጥር ሰጥቻቸው ስለነበር ቅደም ተከተሉ አልጠፋባትም። ገጣጥማ ሙሉ አደረገቻቸውና በስፌቱ ላይ እንደገና ቆረጠችው። አባባ ወልዴ መጥተው ሲያዩ «እጅሽ ይባረክ!» አሏት። እኔን ዞር ብለውም አላዩኝ።

ጋሽ ታደሰ ግን ነገሩን አልተዉትም። «ዋናውን ፎቶ ማን ነው ያጠፋው?»

ብርቱካን አየችኝ። «እኔ ነኝ ጋሼ፣ በስህተት» አለች።

ማፈር ነበረብኝ። አፈርኩም፤ ግን በደግነቷም ቀናሁ።

ዛሬ አለቃዬ ናት። ደንበኛ ሲመጣ «ብርቱካንን ጠይቋት» ይባላል። አዲስ ምስል በከፈትኩ ቁጥር ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ ትጠይቀኛለች።

«ደረጀ፣ ዋናው ተቀምጧል?»

«ተቀምጧል።»

ሌላው ሠራተኛ የሥራ ደንብ ይመስለዋል።

ለጀማሪ የምለው ይህን ነው፦ ከመቁረጥህ በፊት ሙሉውን ለብቻ አስቀምጥ። የቀናህ ቀን ደግሞ ፋይል አትንካ።