የአባቴ ስኳር በሽታ

የላስቲክ ከረጢት ኮሽታ ስሰማ ዛሬም ጆሮዬ ይቆማል። ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምግብ መፍራቴ ሆስፒታል አስተኝቶኝ፣ ገና እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ ከተማ ወዳለው ቤታችን መመለሴ ነበር።

ሁሉም የሚሰልለኝ ይመስለኝ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ቁልፍ ጠፋ፤ ማንም አላነሳሁም አለ። የእናቴ ሽሮ ፊቱ ሲያብረቀርቅ፣ "ዘይት ጨምረሽበታል አይደል?" እላት ነበር።

"እንደ ወትሮው ነው" ትለኛለች፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል። አላምናትም።

የምግብ ባለሙያዋ ሩጫ ከልክላኝ፣ ቀስ ብዬ ከሰው ጋር እንድራመድ፣ ከዚያም መክሰስ እንድበላ ነግራኝ ነበር። በዚያው ሰሞን አባቴ ከፋብሪካው ሚሽመሬት፣ ከሥራ ፈረቃው፣ እንደወጣ የክፍሌ በር ላይ ቆመ።

"የኩፓት ሆሊም፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ ስኳር አለብህ፣ በእግርህ ሂድ አለኝ። ብቻዬን ይጨንቀኛል፤ ነይ እስቲ።"

ምን ዓይነት ግጥምጥሞሽ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ግን ውጪው ናፍቆኝ ስለነበር ተከተልኩት።

ከሰፈራችን ከጊቫት ሃሞሬ ሕንፃዎች ጀርባ ያለውን ዳገት እንወጣ ነበር። ጥዱ ይሸታል፤ የሸለቆው ማሳ በማታ ፀሐይ ይቀላል። እኔ ስፈጥን እሱ ከኋላዬ፣ "ቆይኝ እንጂ ልጄ!" ይላል። አግዳሚው ወንበር ላይ ስንደርስ ከረጢቱ ይንኮሻኮሻል፤ ከሰንበት የተረፈ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል። ለሁለት ይገምሰውና ፊቱን ወደ ሸለቆው አዙሮ ይበላል። ስበላ አያየኝም። እሱንም ጠረጠርኩት፤ ማን አስተምሮት ነው የማያየኝ? ቢሆንም ቀስ በቀስ ድርሻዬን መጨረስ ለመድኩ።

አንድ ቀን አክስቴ ቤት ሻዩ ውስጥ ስኳሩን ሲሞጅር አየሁት። ያዝኩህ አልኩ በልቤ። ቤት ስንገባ እናቴን ለብቻዋ ጠየቅኳት።

"የምን ስኳር? አባትሽ ጉንፋን እንኳ አያውቀውም" አለች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። "ጉልበቱ ነው እንጂ የሚያሠቃየው። ከዳገቱ ስትመለሱ በሙቅ ውኃ እይዝለታለሁ።"

በማግስቱ "ዋሽተኸኛል" ልለው ተዘጋጅቼ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ዞር ስል፣ አንድ እጁን ጥዱ ላይ አሳርፎ በሌላው ጉልበቱን ያሻል። ሳየው እጁን ቶሎ አነሣ።

"አባዬ፣ እዚሁ እንረፍ። ደክሞኛል።"

ደክሞኛል የምትል ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም ነበር። አሁን ተራው የእሱ ሆነና በጥርጣሬ አየኝ።

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እጄን ዘረጋሁና ዳቦውን ራሴ ገመስኩት።

አባቴ ዛሬ ዳገቱን አይችለውም፤ ብቻዬን ነው የምወጣው። ስመለስ ገበታው ቀርቦ፣ ሳይበላ ሲጠብቀኝ አገኘዋለሁ። "ብዪ" አይለኝም። ወንበሩን ሳብ ያደርግልኛል።