ጠፍቶ የመጣው እንግዳና ደባሌ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ያለ አበሻ ሁሉ ሰላይ ሆኖ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላምታ ስትለዋወጥ አንዱ ዘወር ብሎ ካየህ፣ "ይሄ ጆሮ ጠቢ ነው" ትላለህ። እሱም ስለ አንተ እንዲሁ ይላል። እኔ ግን ሥራውን ቀደም ብዬ፣ በግል ጉዳይ ጀምሬው ነበር። ፊንስበሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ከደባሌ ጋር እኖራለሁ። ደባሌ እላለሁ እንጂ ፍቅረኛዬ ነው። ለአበሻው ግን ደባል ነበር፤ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል ተብሎ የተነገረለት፣ ሶፋው ላይ አንድም ሌሊት ጎኑን ያላሳረፈ ደባል።

ይህን ለመደበቅ ያላደረግነው የለም። ቤተ ክርስቲያን በተለያየ አውቶቡስ እንሄዳለን። ሠርግ ላይ በተለያየ ጠረጴዛ እንቀመጥና እሱ ሲስቅ እኔ ወደ ሌላ አያለሁ። እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ትራስና ብርድ ልብስ ሶፋው ላይ ይወረወራል። ከሁሉ በላይ የምፈራው እናቴን ነበር። አዲስ አበባ ከእህቴ ጋር ናት፤ በየእሁዱ የስልክ ካርድ ገዝቼ እደውልላታለሁ። ድሮ "መቼ ነው የምታገባው?" እያለች ታደርቀኝ ነበር። በኋላ እሱን ተወችና፣ "ያ ደባልህ ደህና ነው? ሰላም በልልኝ" ብቻ ማለት ጀመረች። እፎይ አልኩ። ብታውቅ ልጄ አይደለህም ትለኛለች ብዬ ነበር የማስበው፤ እሷን ከማጣ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ብዋሽ ይሻለኛል።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ቤት ነው እማማ ሰው ያመጡብኝ። እማማ የምላቸው ሴትዮ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ ከኔ በፊት በስደት መጥተው ካምደን የሚኖሩ፣ ለንደንን ያስለመዱኝ ሰው ናቸው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ጎተት አደረጉና፣ "አንድ ሰው ትደብቁልኛላችሁ" አሉኝ። መጠየቃቸው አልነበረም።

"ምን ዓይነት ሰው እማማ?"

"ትልቅ ሰው። ከአገር ቤት ለስልጠና ከመጡት ጋር መጥቶ ትናንት ጠፋ። የመንግሥት ሰው ነው። እየፈለጉት ነው አሉ።"

"እኛ ጋ? ኧረ ቤታችን ጠባብ ነው እማማ!"

"እናንተ ቤት ማንም ዝር አይልም" አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "ምስጢር መያዝ ደግሞ ታውቁበታላችሁ።"

ምን ማለታቸው ነው? ፊታቸውን ባየው ባየው ምንም አይነበብበትም። እሺ አልኩ፤ ምን ልበል ታዲያ!

ሰውዬው ትልልቅ ሻንጣዎች እየጎተተ መጣ። ጠፍቶ የመጣ ሰው እንዲህ ያለ ጓዝ ይዞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ክራቫቱን ሳይፈታ ሶፋው ላይ ዘፍ አለና ቤቱን ገረመመው።

"መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። ጥሩ አይደለም። ሻይ መቼም አይጠፋም?"

መምሪያ ኃላፊ እንደነበረና ብዙ ነገር እንደሚያውቅ፣ እሱን ሳያገኙ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ሻይውን እያማሰለ ነገረን። የሚያውቀው ምን እንደሆነ ስንጠይቀው "ጊዜው ሲደርስ" ይላል። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት የሚያውቀው ትልቁ ምስጢር የመሥሪያ ቤቱ ጄኔሬተር ለምን እንደማይነሳ ነበር። እኛ ግን አመንነው። እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለን። በር በሁለት ኳኳታና በአንድ ሳል ብቻ እንዲከፈት ወሰንን። እኔ ያን ጊዜ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ መኪና እየዞርኩ የቅጣት ወረቀት እለጥፋለሁ፣ ታርጋ አንዴ ካየሁ አልረሳም። ደባሌ አውቶቡስ ይነዳል፤ የሚከተለው መኪና ካለ በመስተዋት ያያል። ከኛ የተሻለ ሰላይ ከየት ይመጣል?

ችግሩ የሶፋው ነገር ነው። ሶፋውን እንግዳው ከያዘው ደባሌ የት ይተኛል? ፍራሽ ገዝተን መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ዘረጋን፤ እሱ እዚያ እንደሚተኛ ተናገርን። አንድ ጠዋት ሰውዬው በበሩ ሲያልፍ ቆም አለና፣ "ይሄ ልጅ እንዴት ሥርዓት ያለው ነው! ትራሱ ራስ ያረፈበት አይመስልም እኮ" አለ። እኔና ደባሌ ክው አልን። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ተንበርክኬ ትራሱን በቡጢ ስነርት፣ አንሶላውን ስጨማድድ ነበር የምውለው። ደባሌ አልጋው ላይ ሆኖ እያየኝ ይስቃል።

ከዚያ አንድ ሳምንት ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

መጀመሪያ ግራጫ ቶዮታ መጣች። ከሕንፃችን ፊት ለፊት ቆማ ሁለት አበሻ ሽማግሌዎች ወደ መስኮታችን አንጋጠው ሲያዩ ደረስኩባቸው። በማግስቱም መጣች፤ ያቺው ታርጋ። ቀጥሎ ስልክ መደወል ጀመረ። "ሄሎ" ስል ዝም፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጥርቅም። አንዱ ብቻ ሳያስበው "አለ፣ አለ፣ ቤት ነው" ሲል ሰማሁት። ለኔ አይደለም፣ አጠገቡ ላለ ሰው ነው። እግዚኦ! ደረሱብን አልኩ።

ለደባሌ ስነግረው አልደነገጠም። ያ ነው የገረመኝ። በመስኮት አይቶ መኪናዋን እንደሚያውቃት ሁሉ ፊቱን መለሰ። ከዚያ በኋላ እሱንም መሰለል ጀመርኩ። ሞባይሉ ሲጮህ መታጠቢያ ቤት ይገባና ውኃ ይከፍታል። እሁድ ለእናቴ ልደውል ካርድ ብፈልግ፣ "አልቋል፣ ደግሞም መስመር የለም አሉ" አለኝ። መደርደሪያው ላይ የነበረው የእናቴ ፎቶ ጠፋ። ቢጠይቁኝ መልስ የሌለኝ ይሄ ነው፤ ሰላይ የሰው እናት ፎቶ ምን ያደርግለታል? ግን ያን ጊዜ ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ ቤተሰቤን ለማስፈራሪያ ነው አልኩ።

ዓርብ ማታ ሩዝ እያጠበ ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁት።

"ምን ሆነሃል?"

"ሽንኩርት ነው" አለኝ። ሩዝ እያጠበ!

ከዚያ በግድ ሁለት ሳህን አበላኝ። "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያለ። በመጨረሻም፣ "ነገ ሥራ አትግባ። ቤት ሁን" አለኝ። በቃ፣ ገባኝ። ነገ ሊያስይዙን ነው፤ በሩን የሚከፍትላቸው ደግሞ ደባሌ ነው።

ለሰውዬው አልነበረም የፈራሁት። እሱን ቢወስዱት ሻይ ይተርፈኝ ነበር። እኔ ያበድኩት በሱ፣ በደባሌ ነው። ከአበሻ ሁሉ ደብቄ፣ እናቴን በየእሁዱ እየዋሸሁ ያኖርኩት ሰው ከሸጠኝ ምን ቀረኝ? አጠገቡ ተኝቼ አነጋሁ። እሱም አልተኛም። ሁለታችንም የተኛን መስለን ስንሰላለል አደርን ማለት ነው።

ጎህ ሲቀድ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ለበሰ፣ ወደ ታች ወረደ። ሰውዬውን ቀሰቀስኩት።

"ደባሌ ነው ጆሮ ጠቢው። ወደ ክላፋም እናመልጣለን፤ እዚያ የሥራ ጓደኛ አለኝ።"

"ከመጀመሪያውም ጠርጥሬዋለሁ" አለ ካልሲውን እየፈለገ። "ፈገግታ ያበዛል።"

እንዳይለዩት ትርፍ ዩኒፎርሜን አለበስኩት። ጃኬቱ ሆዱ ላይ አልገጥምም አለ፤ ኮፍያው ቅንድቡ ላይ ወረደ። ከዩኒፎርሙ በታች ክራቫቱን አላወልቅም አለ፣ ምን አባቴ ላድርግ። ደረጃውን ወርደን የሕንፃውን በር ከፈትኩ፤ እሱን አስቀደምኩ።

መንገዱ በጥቁር ልብስ ሞልቷል። ወዲያና ወዲህ ማዶ መኪና ተደርድሯል። ግራጫዋ ቶዮታም አለች። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆመ። እነሱም ቀጥ ብለው አዩት። ከዚያ አንዱ ጮኸ፤

"ፓርኪንግ! ኧረ ፓርኪንግ መጣ!"

ያ ሁሉ ሰው ተበተነ። ሽማግሌዎች ከዘራ ይዘው ሮጡ፣ የመኪና በር ተከፈተ፣ ሞተር ተነሳ። ሰውዬው መሣሪያ ሊያመጡ የሄዱ መስሎት ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ከቶዮታዋ የወረደው ሽማግሌ ፊቱ ቆሞ በእንግሊዝኛ አምስት ደቂቃ ብቻ እንዲታገሠው ይለምነዋል፤ ሰውዬው በአማርኛ፣ "እጄን ሰጥቻለሁ! አትምቱኝ!" ይላል።

እኔ የማየው ደባሌን ነበር። ከእማማ ጋር ቆሟል። በወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፏል።

"አንተ! ሸጥከኝ አይደል?" ብዬ ጮህኩበት። "ስንት ሰጡህ?"

እንባው ዝም ብሎ ወረደ። ያን ጊዜ ነው እማማን ልብ ብዬ ያየሁት። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። የሁሉም ሴቶች ነጠላ ተዘቅዝቋል። አበሻ ሆኖ ይህን አይቶ ሌላ ነገር የሚያስብ የለም። በማለዳ፣ ተሰብስቦ፣ ቤት መኖርህን አጣርቶ፣ ማታውን በልተህ እንድታድር አድርጎ የሚመጣ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት ይህንን ነበር። ዓይኔ ሥር ተቀምጦ አላየሁትም።

"ግባ ልጄ" አሉ እማማ። "ወደ ቤት ግባ።"

"እማዬ ናት?" አልኩ። ማንም ሳይመልስልኝ ራሴን ወደ መሬት ወረወርኩ። መሬት ሳልደርስ የያዘኝ ደባሌ ነው።

ሳሎን ውስጥ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ፍራሽ ተፈለገ። እማማ ቤቱን ያውቁታል መሰል ቀጥታ መኝታ ቤት ገብተው ያንን ማንም ያልተኛበትን ፍራሽ አስወጡ። እኔን አስቀመጡ። ደባሌ ሰው ሁሉ ሲያየው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ እንደ ልማዳችን፣ ራቅ ብሎ።

"አንተስ ምን ትገተራለህ?" አሉት። "አጠገቡ ተቀመጥ። ያዘው።"

ተቀመጠ። ያዘኝ። ወረቀቱን ሲፈታው ያ የጠፋው ፎቶ ነው፤ በትልቁ አሳጥቦ፣ ፍሬም አስገብቶ። እናቴ እየሳቀች ታየኛለች። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ሰውዬው? ወንዶቹ መኪናቸውን አራቅ አድርገው አቁመው ሲመለሱ አንዱ ትከሻውን መታ አደረገው። "እርስዎ እነሱ ጋ የተደበቁት ሰውዬ ነዎት አይደል? እስቲ ወንበር ያቀብሉን።" ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ይባስ ብሎ አብረውት የመጡት ባልደረቦቹ አገር ቤት ከተመለሱ መቆየታቸውን፣ ቦታውም ለሌላ መሰጠቱን እዚያው አረዱት። ከኔ ብሶ አዘነ። ሆኖም ፕሮቶኮል ያውቅበታል፤ ሐዘኑ እስኪያበቃ የፓርኪንግ ጃኬቴን ለብሶ በር ላይ ቆመና ማን የት እንደሚቀመጥ ሲያዝ ሰነበተ።

ሰው ሳሳ ሲል እማማን ጠየቅኋቸው። መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ባለትዳር ከሆነ መጀመሪያ ለትዳር ጓደኛው ይነገራል፣ እሱ ወይ እሷ ሰዉን ያስተባብራሉ። የኔ መርዶ ደግሞ ቀድሞ የተነገረው ለደባሌ ነው።

"ለምን ለሱ ቀድማችሁ ነገራችሁት እማማ?"

"እኔ መች ነገርኩት? እህትህ ናት ከአዲስ አበባ የደወለችለት፣ ለኔም የነገረኝ እሱ ነው" አሉ። "እናትህ ሆስፒታል ሆና አደራ ብላታለች። 'ክፉ ነገር ከመጣ መጀመሪያ ለዚያ ለደባሉ ንገሩት፤ ልጄን የሚይዝልኝ እሱ ነው' ብላ።"

እማማ ተነስተው ወደ ማጀት ሄዱ። ደባሌ ራሱን ግድግዳው ላይ ጥሎ፣ ከድካም ብዛት ዓይኑን ጨፍኗል። ያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን ያዝኩና ቀሰቀስኩት።

"ምን ሆንክ?" አለኝ ደንግጦ።

"እማዬ ሰላም ብላሃለች" አልኩት።