ከፋርማሲው ክሊም የተጠራቀመ ውሃ

ጠብ። ጠብ። ጠብ። ከምሠራበት ቢሮ ጀርባ፣ አየር ከሚያቀዘቅዘው ክሊም ቱቦ ሥር፣ አንድ ሰው ቀይ ባልዲ አስቀምጧል። ዛሬ ምሳ ልበላ ስወጣ ድምፁን ሰምቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እኔ መቆም አልወድም፤ እናቴ «እግርሽ ውስጥ ጉንዳን አለ» የምትለኝ ሰው ነኝ። ግን ቆምኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ ባቡሩ በሚያበቃበት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባል ሰፈር ነበርን፤ እናቴና እኔ፣ አያቴ በድሮው ባቡር ዘመን ከድሬዳዋ መጥቶ በሠራት ቤት። የቧንቧችን ውሃ ጨው ጨው ይላል። እኛ ተወልደንበታል፤ ያለዚያ ጨው ሻይ ራሱ ሻይ አይመስለንም። ያኔ እኛ ጋ ያረፈችው እንግዳ ግን ከወሎ ነበር የመጣችው።

እናቴ ከድሬዳዋ የተላከላትን በርበሬ ልትቀበል ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄዳ ነው ያገኘቻት። ፌስታሏን ታቅፋ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ውሃ ለመነቻት። እናቴ ከቦርሳዋ ጠርሙስ አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ተጎነጨች፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ መትፋቱን አፍራ ዋጠችው። «ስትውጠው ሳያት አንጀቴን በላችኝ» አለች እናቴ። ይዛት መጣች።

ወደ የመን ልትሻገር ነበር። እኛ ጋ የምትቆየው ደላላው መጥቶ እስኪወስዳት ነው። እናቴ ግን አልተዋጠላትም።

«አቦ ባህር ምን ያደርግልሻል? እዚሁ ጥሩ ሰው ቤት ሥራ ፈልጌልሻለሁ። ፈረንሳይኛውን ይቺ ታስተምርሻለች።»

ይቺ እኔ ነኝ።

«እሺ እትዬ፣ አስቤ እነግርዎታለሁ» ትላለች እንግዳዋ። ታስባለች። አትነግራትም።

እኔ እህት የለኝም። እሷ ከመጣች ወዲህ ግቢው ውስጥ አንድ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን እንተኛ ነበር፤ ስለ መንደሯ ምንጭ ታወራልኛለች። ከድንጋይ ሥር ነው የሚወጣው፣ ጥርስ ያማል ከቅዝቃዜው፣ ዳሩ ላይ ጤና አዳም ይሸታል። ከእናቴ ይልቅ እኔ ነበርኩ እንድትቀር የምፈልገው። የምናገርበት አፍ ግን አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከበርሜሉ ቀድታ ጸጉሯን ስትታጠብ ሳሙናው አረፋ እምቢ አለ። እንደ አይብ ፍርፋሪ ሆኖ ጸጉሯ ላይ ተጣበቀ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ይሄ ጸጉር ነው? ሽቦ ሆኗል እኮ። ነይ ድስት ፈትጊበት!» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ስቃ፣ «ጨው የሌለው ውሃ ቢኖራችሁ የትም አልሄድ ነበር» አለች።

ለጨዋታ ነው ያለችው። እኔ እንደ ቃል ኪዳን ያዝኩት።

መንገዳችን ጥግ ላይ ፋርማሲ ነበር። ባለቤቱ ለመድኃኒቱ ሲል በቀን ዕረፍት ሰዓት፣ ከተማው ሁሉ ሲተኛ፣ ክሊሙን አያጠፋም። ውሃው ግድግዳውን ይዞ እየተንጠባጠበ መሬቱን አረንጓዴ አድርጎታል። የሰፈሩ ፍየሎች የኛን ባልዲ አሽትተው ያልፉና እሱን ይልሳሉ። በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት። ምንም የለውም። ባዶ ነው። ፍየሎቹ ልክ ናቸው አልኩ፤ የዘይት ጄሪካን አምጥቼ ደቀንኩ።

ባለ ፋርማሲው ሆዱን አስቀድሞ ወጣ። ሶማሌ ነው፤ ከእኛ ጋር አማርኛ ይሞክራል።

«ናያ! አንቺ ልጅ! ክሊሜን ልትነቅይ ነው?»

«ውሃውን ነው የምፈልገው። ለእህቴ ጸጉር።»

ከየት እንደወለድኳት ሳይጠይቀኝ ቱቦውን ወደ ጄሪካኑ አፍ አዞረልኝ። «ይሄ እኮ የባህሩ ውሃ ነው» አለ። «ፀሐይ ስትመታው ጨውን እዚያው ጥሎ አየር ላይ ይወጣል። ክሊሜ ደግሞ ይጨምቀዋል። ሳታፈሉ እንዳትጠጡት፣ ኋላ ለሆድ ቁርጠት እኔ ጋ ብትመጡ አልሸጥላችሁም!»

ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ እሱ ሆነ። ፍየል አባርራለሁ፣ ልጆች ጄሪካኑን እንዳይመቱብኝ እቆማለሁ። እኔ፣ የማልቆመው ልጅ! መብራት ሲጠፋ ጠብታው ይቆማል፤ አንጋጥጬ ቱቦውን አየዋለሁ። «አይተሽው አይፈስም፣ ሂጂ!» ይለኛል ባለ ፋርማሲው ከደጃፉ።

ሲሞላ እየጎተትኩ ገባሁ። እናቴ እንግዳዋን በርጩማ ላይ አስቀምጣ እያፈሰሰች አሸቻት። ሳሙናው ኩፍ አለ! አረፋው እናቴን እስከ ክርኗ ዋጣት፤ ግቢው የሎሚ ሳሙና ሸተተ። እንግዳዋ ዓይኗን ጨፍና ጮኸች፦ «ኧረ ይሄ ከየት መጣ?»

«አሁን አትሄጂም አይደል?» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። አረፋ በጣቷ ዘግና አፍንጫዬ ላይ ቀባችኝና «ሚጣዬ» አለች።

«ዝም ብለሽ ውሃ ጨምሪ አንቺ» አለች እናቴ።

አሁን ከኢትዮጵያ መሬት ሥር ተስቦ በቧንቧ የሚመጣ ውሃ አለ። ደህና ቀን ሲሆን ሳሙናው እኛም ጋ ኩፍ ይላል። እሷ ግን ደውላ አታውቅም።

ያኔ ጸጉሯ በታጠበ ማግስት እናቴ ሹሩባ ልትሠራት ተቀመጠች። አንዱን ጉንጉን እንደ ክር አቀጠነችው፤ ሌላውንም። በዚያ አያያዝ እስከ ማታም አያልቅ። እጇን አየሁና ገባኝ፤ ደስ አለኝ። ግማሹ ሳይደርስ የደላላው መኪና በር ላይ ጥሩንባ ነፋ።

«አልጨረስኩም! ይጠብቅ!» ብላ ጮኸች እናቴ።

«እናትዬ፣ ጀልባ ሹሩባ አይጠብቅም!» አለ ከውጭ።

እንግዳዋ የእናቴን እጅ ከራሷ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችና ሳመችው። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ሁለት ሃይላንድ ይዛ ወጣች። ጄሪካኑን አየሁት፤ ባዶ ነው። ለሚቀጥለው እጥበት ያስቀመጥኩትን ሌሊቱን አፍልታ አቀዝቅዛዋለች። እኔ እንድትቀር ሳጠራቅም፣ እናቴ እንደምትሄድ አውቃ ነበር።

«የልጅቷ ውሃ ነው» አለቻት። «ጨው የለውም። ባህሩ ላይ ቶሎ እንዳትጨርሺው።»

እንግዳዋ ጎንበስ ብላ ስትስመኝ ያልተጎነጎነው ጸጉሯ ፊቴ ላይ ወረደ፤ እናቴ ለሹሩባው ያረጠበችው ገና አልደረቀም ነበር። ጉንጬን አርጥቦት ሄደ። አልጠረግኩትም። ግንቦት ነበር፤ መኪናው ጥጉን ሳይዞር ደረቀ።